ሲ በማስተርስ ማለፊያ ነው ወይስ ውድቀት? በምህንድስና ድህረ ምረቃ ውጤት አሰጣጥ ላይ አከራክሩኝ

ምሰሶና_ወጋግራ

ሰላም ወገን። በስትራክቸር ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ በትምህርት ክፍላችን የድህረ ምረቃ ኮሚቴም የተማሪ ተወካይ ነኝ። ኮሚቴው የውጤት አሰጣጥ ደንቡን ሊከልስ ስለሆነ የተማሪውን ሐሳብ ይዘህ ና ተብያለሁ። ባዶ እጄን ከምገባ እዚህ ብትሞግቱኝ ይሻላል።

አሁን ያለው ደንብ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዓይነት ነው። ለመመረቅ አጠቃላይ ነጥብ 3.0 ያስፈልጋል። ሲ የተገኘበት ኮርስ ይቆጠራል፣ ግን ከሁለት መብለጥ የለበትም። ከ3.0 በታች የወረደ አንድ ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ላይ ይቆያል፤ ካላሻሻለ ይሰናበታል። እስከዚህ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው ኤ እና ቢ በምን እንደሚሰጥ ነው።

ሁለት ኮርስ ልጥቀስ። በፋይናይት ኤለመንት (አንድን አካል በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በኮምፒውተር የማስላት ዘዴ) የማጠቃለያ ፈተና የክፍሉ አማካይ ከመቶ 41 ሆነ፤ ከፍተኛው 68። ከርቭ ተደረገና (ውጤቱ ከክፍሉ አማካይ አንጻር ተሰጠና) 29 ያመጣው ልጅ ቢ ማይነስ ወሰደ። ይህ ልጅ ፋይናይት ኤለመንት ያውቃል ወይስ አያውቅም? ሌላው ኮርስ ሙሉ በሙሉ የቡድን ፕሮጀክት ነበር፤ ሁሉም ሰው ኤ። ሁለቱ ትራንስክሪፕት ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ከባዱን ኮርስ የደፈረው ሰው ሰነፍ ይመስላል።

ኮሚቴው የያዘው ሐሳብ «ከርቭ ይቅር፣ ፊክስድ ይሁን፤ 90 እና ከዚያ በላይ ኤ» የሚል ነው። ምን ትላላችሁ?

ሲግማ_ስኩዌር

ከከርቩ ልጀምር፤ ሒሳብ ስላለበት ብቻ ሳይንሳዊ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ክፍላችሁ ስንት ሰው ነው? 12 ነው እንበል። ከ12 ሰው ውጤት ያሰላኸው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ውጤቶች ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን) ራሱ 20 በመቶ ገደማ ስህተት ይዞ ነው የሚመጣው። አማካዩ ደግሞ ወደ 0.3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወዲህና ወዲያ ይላል። እንግዲህ የኤና የቢ ድንበር የሚሰመረው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። ዘንድሮ ማን ተመዘገበ የሚለው ብቻ ድንበሩን ያንቀሳቅሰዋል። ሁለት ቸካዮች ኮርሱን ድሮፕ ቢያደርጉ ያንተ ቢ ፕላስ ኤ ማይነስ ይሆናል፣ አንተ አንድ ገጽ ሳትጨምር።

በዚያ ላይ ድህረ ምረቃ የገባው ሰው አንዴ ተበጥሮ የገባ ነው። የደወል ቅርጽ ያለው ስርጭት ከየት ይመጣል? መቶና ሁለት መቶ ሰው ከሚማርበት የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍል የተወረሰ ልማድ ነው።

ቫልቭ

ድልድይ በከርቭ አይቆምም። 29 ያመጣ ወድቋል። አለቀ።

የቁስ_ሰው

ቫልቭ ወንድሜ፣ 90 ያመጣ የሠራውም ሲወድቅ ታይቷል፣ ተረጋጋ።

እኔ ሦስተኛ ዲግሪ ላይ ነኝ፣ ማቴሪያልስ። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ትርጉም የለውም። የብቃት ፈተናውን ካለፍክ በኋላ የኮርስ ውጤትህን የሚጠይቅህ የለም። ሙከራህ ሲደገም ያንኑ ይሰጣል ወይ፣ ጽሑፍህ ገምጋሚ ፊት ይቆማል ወይ፣ የሚታየው እሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ራሱ በብዙ ቦታ አልፏል ወይም አላለፈም ይባላል እንጂ ፊደል አይሰጠውም። ታዲያ ኮርሱን ለምን እንደዚያ አናደርገውም?

ኤ ፍለጋ የሚያደርሰውን ጉዳት አይቻለሁ። ለምርምሩ ኮንቲኑም ሜካኒክስ የግድ የሚያስፈልገው ልጅ «ነጥቤን ያበላሽብኛል» ብሎ ሸሽቶ ቀላል ኮርስ ወሰደ። አሁን ጥናቱ መሀል ላይ ቴንሰር ከዜሮ እየተማረ ነው። ትራንስክሪፕቱ ግን ያምራል!

ማታ_ተማሪ

ለአንተ ያምርልሃል። የእኔ ማስተርስ ቴሲስ የለውም፤ ቀን ሥራ፣ ማታ ክፍል። መሥሪያ ቤቴ ክፍያውን የሚሸፍነው በየኮርሱ ቢና ከዚያ በላይ ካመጣሁ ብቻ ነው። አማካሪ የለኝም፣ ሕትመት የለኝም፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ መምህር ስሜን እንኳ በቅጡ አያውቀውም። ስለ እኔ የሚናገርልኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው። «አልፏል» የሚል ቃል ብቻ ከተጻፈበት ከማንም አልለይም።

የ3.0 ወለል ሒሳብም ከውጭ እንደሚታየው የዋህ አይደለም። አንድ ሲ ለመሸፈን አንድ ሙሉ ኤ ይፈልጋል፤ በኤ ማይነስ ከሆነ ሁለት። ኤፍ ከሆነ ሦስት ኤ ይበላል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሦስት ኮርስ ወስደህ ቢ፣ ቢ፣ ሲ ብታመጣ 2.67 ነህ፣ ማስጠንቀቂያ ላይ። በሚቀጥለው ሴሚስተር፣ ፕላስና ማይነሱን ትተን፣ ከሦስቱ አንዱ ኤ ሌሎቹ ቢ መሆን አለባቸው። ሥራ ላይ ላለና ሁለት ኮርስ ብቻ ለሚወስድ ሰው ግን ሁለት ቢ አያወጣውም፤ አንዱ የግድ ኤ መሆን አለበት። ደንቡ «አንድ ሴሚስተር» ሲል የሙሉ ጊዜ ተማሪን ብቻ አስቦ ነው። ምሰሶና ወጋግራ፣ ኮሚቴው ፊት ይህን አንሣልን፦ ማስጠንቀቂያው በሴሚስተር ሳይሆን በክሬዲት ይለካ።

ምሰሶና_ወጋግራ

በክሬዲት ይለካ የሚለውን ይዣለሁ፣ አላሰብኩትም ነበር።

የቁስ ሰው፣ ሐሳብህ ለፒኤችዲ ያስኬዳል፤ ግን እኛ ክፍል የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ አንድ ኮርስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አንዳንዱ ኮርስ ላይማ የመጀመሪያ ዲግሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችም አሉ፤ ለእኛ አንድ ተጨማሪ የቤት ሥራ ይሰጠንና «የድህረ ምረቃ ኮርስ» ተብሎ ይመዘገባል።

ነጭ_ጠመኔ

የምህንድስና ድህረ ምረቃ ኮርስ አስተምራለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ የሚታየውን ልንገራችሁ።

አማካዩ 41 መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም። ሁሉም ሰው 85 እና 95 መካከል የሚከማችበት ፈተና ጥሩውን ከጎበዙ አይለይልኝም። ከባድ ጥያቄ የሚወጣው የዕውቀቱን ጣሪያ ለማየት ነው። ነውሩ ያለው 41 ምን ማለት እንደሆነ ከፈተናው በፊት አለመወሰኑ ላይ ነው። ስለዚህ የኮሚቴያችሁ «90 ኤ ነው» መድኃኒት አይሆንም። 90 የሚለው ቁጥር የጥያቄውን ክብደት አያውቅም። ደንቡ ቢወጣ ነገ እኔ 90 የሚመጣበትን ፈተና አወጣለሁ፤ ሁላችሁም ኤ፣ ደንቡም ተከበረ፣ እኔም ቅሬታ አልሰማ።

ሲ ለምን እንደማይሰጥ ደግሞ ላስረዳ። በመጀመሪያ ዲግሪ ሲ «ይበቃል» ማለት ነው። ወለሉ 3.0 ሲሆን ግን ሲ ቅጣት ይሆናል። ልጁ ማስጠንቀቂያ ይገባል፤ የረዳትነት ክፍያው ሊቋረጥ ይችላል፤ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃዱ ሁሉ ይናወጣል። አማካሪው ደውሎ «ምን አድርጎህ ነው?» ይለኛል። መዘዙ ይህን ያህል ሲሆን እጅ ወደ ቢ ማይነስ ያዘነብላል፤ የእኔም የባልደረቦቼም። ወለሉን ከፍ ያደረገው ሰው ጥራት ያስጠበቀ መስሎት መለኪያውን ነው ያጠበበው። ዛሬ በተግባር የቀረው ኤ፣ ኤ ማይነስ፣ ቢ ፕላስ፣ ቢ ነው። ቢ ማይነስ በሹክሹክታ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ሆኗል። ባለ 29ኙ ልጅ የደረሰው እሱ ነው፤ መምህሩ ወድቀሃል እያለው ነው፣ ግን ወረቀቱ ላይ እንዳይጻፍ።

በመጀመሪያ ዲግሪም ቢሆን የውጤት ግሽበቱ (ከፍተኛ ውጤት እየበዛ መሄዱ) ያው ነው። ሃርቫርድ ራሱ ባወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2020-21 ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ከተሰጠው ውጤት 79 በመቶው ኤና ኤ ማይነስ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በፊት 60 በመቶ አካባቢ። ፕሪንስተን በ2004 በየትምህርት ክፍሉ ከሚሰጠው ውጤት ኤ ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ መመሪያ አውጥቶ በ2014 ተወው። መመሪያው ዒላማ ተብሎ ቢወጣም ተማሪው እንደ ኮታ ነው ያየው፤ ጭንቀቱም ፉክክሩም ባሰ። ስለዚህ ለኮሚቴው «ኤ ይህን ያህል በመቶ ብቻ» የሚል ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ከመጣ፣ ተሞክሮ የተተወ መሆኑን ንገሩት።

ቫልቭ

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ሁሉ ማብራሪያ አንድ ነገር አይለውጥም። እርስዎ ያለፈ ነው ያሉትን ሰው እኔ ነኝ ቢሮ የምቀበለው። ኤ ያለው ልጅ የሞዴሉ ድጋፍ የት እንደተያዘ ሳያይ ሶፍትዌሩ ያወጣውን ባለ ቀለም ሥዕል ይዞልኝ ይመጣል። የሪአክሽኑ (ድጋፎቹ የሚመልሱት ኃይል) ድምር ከጭነቱ ጋር እኩል ነው ወይ ስለው ያፈጥብኛል። ፈቃድ ሰጪው ፈተና ላይ እኮ ከርቭ የለም!

ነጭ_ጠመኔ

ልክ ነህ፣ የለም። በአሜሪካ የሚሰጡት የኤፍኢ (የምህንድስና መሠረታዊ ዕውቀት) እና የፒኢ (የባለሙያ መሐንዲስ ፈቃድ) ፈተናዎች ተፈታኝን ከተፈታኝ አያወዳድሩም፤ አስቀድሞ የተቀመጠ የብቃት ወለል አለ፤ ውጤቱም አልፏል ወይም አላለፈም ነው። ግን ያ ወለል እንዴት እንደሚቀመጥ አስተውል፤ አንድ ሰው ተነሥቶ «70 ይሁን» አይልም። ዊሊያም አንጎፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ የሚታወቅ ዘዴ አለ። የሙያው ሰዎች ይሰበሰቡና እያንዳንዱን ጥያቄ ይዘው ይጠይቃሉ፦ ለጥቂት የሚያልፍ፣ ብቃቱ ጫፍ ላይ ያለ መቶ ሰው ቢፈተን ስንቱ ይህን ይመልሳል? 60፣ 35፣ 80 እያሉ ይገምታሉ። ግምቱ ተደምሮ ወለሉን ይሰጣል። ጥያቄው ከባድ ከሆነ ወለሉ ራሱ ይወርዳል፣ ቀላል ከሆነ ይወጣል።

እኛስ? ለክፍል ፈተና ትልቅ ጉባኤ አያስፈልግም። ኮርሱን ከዚህ በፊት ያስተማረ አንድ ባልደረባ ጥያቄዎቹን አይቶ የራሱን ግምት ቢጽፍና ከእኔ ጋር ብናስተያይ ይበቃል። በዚያ አሠራር የፋይናይት ኤለመንቱ ፈተና የቢ ወለል ምናልባት 38 ላይ ያርፍ ነበር፤ 29 ደግሞ ያለ ማንም ሐፍረት ሲ ይሆን ነበር። ከፈተናው በፊት የተጻፈ ቁጥር ስለሆነ ጎረቤትህ ስንት አመጣ የሚለውም አያገባህም።

ሲግማ_ስኩዌር

በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። የትኛውም ወለል ቢቀመጥ የፈተናው ስህተት አብሮ ይኖራል። ውጤት አስተማማኝነቱ (ፍጹሙ 1 ሆኖ) 0.8 የሆነ ፈተና (ለክፍል ፈተና ይህ ጥሩ ነው) ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 10 ነጥብ ከሆነ የመለኪያው ስህተት 4.5 ነጥብ ገደማ ነው። 84 ቢ ፕላስ፣ 85 ኤ ማይነስ የሚል ሠንጠረዥ በሌለ ልዩነት ላይ ነው የሚፈርደው። ላብራቶሪ ውስጥ የስህተት ወሰን ሳያስቀምጥ ቁጥር ጽፎ ያስረከበንን ተማሪ እንቀጣለን፤ የራሳችንን መዝገብ ግን እንዲያ ነው የምንሞላው።

ድንበር ላይ ያለውን ሰው ጠርቶ ሩብ ሰዓት ያህል በቃል መጠየቅ ይቻላል። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ አይከብድም።

ራይን_ማዶ

ይህን ክር የማነበው ከጀርመን ነው፤ ውጤት የመቀየር ጣጣ ስላየሁ ልናገር። እዚህ 1.0 ከሁሉ በላይ ነው፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ፣ 5.0 ውድቀት። የውጭ ውጤት የሚቀየረው በአብዛኛው የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር በሚባለው ነው፦ ከከፍተኛው ነጥብ ያንተን ትቀንሳለህ፤ ያንን ከፍተኛው ከዝቅተኛው ማለፊያ በሚበልጥበት ልዩነት ታካፍላለህ፤ በ3 አባዝተህ 1 ትጨምራለህ።

አሁን 3.5 ያለውን ሰው ውሰዱ፣ ከፍተኛው 4.0። ዝቅተኛው ማለፊያ 2.0 ነው ከተባለ 1.75 ይሆናል፣ ጥሩ የሚባል ነው። ማለፊያው 3.0 ነው ከተባለ ደግሞ 2.5 ይሆናል፤ ለሦስተኛ ዲግሪ ብዙ ቦታ ጥያቄ የሚያስነሣ ቁጥር ነው። ያው ተማሪ፣ ያው ትራንስክሪፕት! ልዩነቱን የፈጠረው የርእሱ ጥያቄ ነው፦ ሲ ማለፊያ ነው ወይስ አይደለም? የእናንተ ደንብ «ይቆጠራል፣ ግን ከሁለት አይበልጥም» ሲል ለሁለቱም ንባብ በሩን ክፍት ትቶታል፤ ከውጭ ያለ ሰው ደግሞ በገዛ እጁ ይተረጉመዋል። የኮርስ ማለፊያና የመመረቂያ አማካይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ ይጻፍ።

በብሪታንያ ማስተርስም ማለፊያው በተለምዶ 50 ነው፣ 70 ደግሞ ዲስቲንክሽን (ከፍተኛው ማዕረግ)። የ«90 ኤ ነው» አገር ሰው 72 ያለውን ማመልከቻ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ገምቱ።

የቡድን_ሸክም

ስለ ፕሮጀክቱ ማንም አልተናገረም? እኔ ልናገር፣ ስሜም ይፈቅድልኛል። አራት ሰው ሆነን አንዱ ኮዱን ይጽፋል፣ አንዱ ሪፖርቱን ያሳምራል፣ ሁለቱ በአቀራረቡ ቀን ሸሚዝ ተኩሰው ይመጣሉ። ከዚያ አራታችንም 95። ፕሮጀክቱ 60 በመቶ ከያዘ 57 ነጥብ ቤቱ ገባ ማለት ነው። ያ ሸሚዝ የተኮሰው ሰው የግል ፈተናው ላይ 35 ቢያመጣ እንኳ ከ40 በመቶው 14 ይደርሰዋል፤ ድምር 71። ፊክስድ ይሁን ከርቭ፣ አለፈ።

ነጭ_ጠመኔ

ለዚህ ቀላል መከላከያ አለ፦ የግል ምዘናው ለብቻው የግድ ይታለፍ። ድምሩ 71 ይሁን 91፣ በግል ፈተናው ከወለሉ በታች ያመጣ ኮርሱን አላለፈም። ይህ ከመጀመሪያው ቀን በኮርስ ዕቅዱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ፈተና ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሕግ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት አይቆምም። ቅሬታ ሰሚዎች ብዙውን ጊዜ መልሱ ስንት ነጥብ ይገባው ነበር በሚለው አይገቡም፤ ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ተከብሯል ወይ ብለው ነው የሚያዩት።

ቫልቭ

በዚህ እንኳ ተስማምተናል።

የቁስ_ሰው

የቤት ሥራስ? እኛ ኮርስ ላይ የቤት ሥራ 30 በመቶ ነበር፤ ሁሉም 98። ድሮ ያለፈው ዓመት መፍትሔ ይዞር ነበር፣ አሁን ቻትቦቱ ራሱ ይሠራዋል፣ ያውም ዩኒቱን ሁሉ አስተካክሎ። ፀረ ኩረጃ ሶፍትዌር አያድንም። መምህራችን የቤት ሥራውን ወደ 10 በመቶ አውርዶ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ተማሪ በዕጣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መፍትሔውን እንዲያስረዳ አደረገ። መጀመሪያ ላይ ተራገምን። አሁን ግን የገለበጠ ሰው «ይህን የድንበር ሁኔታ ለምን መረጥክ?» ሲባል ወዲያው ይታያል።

ማታ_ተማሪ

በዕጣ መጠራቱን እቃወማለሁ። ከሥራ ሮጬ ደርሼ ላብ እያጠመቀኝ ሰሌዳ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ቀጠሮ ተይዞ ይሁን።

የቁስ_ሰው

ቀጠሮ ተይዞም ይሠራል። ቁም ነገሩ ማስረዳቱ ነው።

ምሰሶና_ወጋግራ

እጄን ሞላችሁልኝ። ለኮሚቴው የምይዘው አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ ኢንኮምፕሊትን (ሳይጠናቀቅ የቆየ ኮርስ)፣ ድሮፕን፣ የጋራ ኮርሶቹን ለሌላ ጊዜ ትቻለሁ። ወለሉ ከፈተናው በፊት ተጽፎ ይቀመጥ፣ የግል ምዘናው ለብቻ ይታለፍ፣ ማስጠንቀቂያው በክሬዲት ይለካ፣ የኮርስ ማለፊያው ትራንስክሪፕቱ ላይ ይብራራ። ለፒኤችዲ ተማሪዎች ኮርስ አልፏል ወይም አላለፈም ይሁን የሚለውን ግን አልያዝኩትም፤ የቁስ ሰው ይቀየመኛል፣ ግን ፒኤችዲ ጀምሮ በማስተርስ የሚወጣ ሰው አለ፤ እሱ ፊደል የሌለው ትራንስክሪፕት ይዞ ሥራ ፍለጋ ይወጣል ማለት ነው።

የቁስ_ሰው

አልቀየምም። ለዚያ ሰው መልስ የለኝም።

ራይን_ማዶ

አንድ ነገር ከገጹ አልቀረም? አዲሱ ደንብ ከማን ይጀምራል? አሁን ትምህርት ላይ ያለ ሰው በገባበት ዓመት ደንብ ነው መመረቅ ያለበት። ይህ ካልተጻፈ፣ በከርቭ ቢ ማይነስ የወሰደና በአዲሱ ወለል ሲ የሚያገኝ ተማሪ አንድ ትራንስክሪፕት ላይ በሁለት ሕግ ይዳኛል።

ነጭ_ጠመኔ

እሱን ከሁሉ አስቀድመህ ጻፈው። የፈለገ ወደ አዲሱ መዛወር ይችላል፣ ግን በጽሑፍ ጠይቆ፣ ለሁሉም ኮርሶቹ በአንድ ላይ እንጂ እየመረጠ አይደለም። ሬጅስትራሩ መጀመሪያ የሚጠይቅህም ይህንኑ ነው።